«ቢያንስ ይንቀሳቀሳል»፦ ሳሎን የገባው ሜዳ

ገላን ኮንዶሚኒየም ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ንግግር ያውቀዋል። አባት ከቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ተላቆ ማታ 2 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል። ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ይነካካል። «ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የዋለው?» ይላል አባት። እናት ከኩሽና ትመልሳለች፤ «እና የት ላውጣው?» ንግግሩ እዚያው ያልቃል። «የት?» ለሚለው መልስ ያለው ሰው የለማ።

አንዳንድ ቤት መልሱ በሻንጣ ይመጣል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የገባ ዘመድ ከሽቶውና ከጫማው ሥር አንድ ሳጥን ያወጣል፤ የራሱ ልጆች አድገው የጣሉት፣ ያረጀ ግን የሚሠራ። ከቲቪው ጋር ይገጠማል። ጆይስቲኩ ሪሞት ይመስላል፤ የሚሠራው እጅ ሲወናጨፍ ነው። ቴኒስ አለ፣ ቦውሊንግ አለ፣ ቦክስ አለ። ልጁ ከሶፋው ይነሳል፣ ይዘላል፣ ላብ ላብ ይለዋል። አያት ሳይቀሩ ጆይስቲኩን ተቀብለው አንዴ ይወረውሩና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከዚያ አባት ያቺን ነገር ይናገራል፦ «ይሄስ ጥሩ ነው። ቢያንስ ይንቀሳቀሳል።»

ጣጣው ያለው እዚህች «ቢያንስ» ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ አባት «ዊ ስፖርትስ» ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ዊ» የተባለውን ማሽን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ከጃፓን ውጭ በአብዛኛው ዓለም ከማሽኑ ጋር አብሮ የሰጠው ጨዋታ ነው። አምስት ስፖርት ይዟል፤ ቴኒስ፣ ቤዝቦል፣ ቦውሊንግ፣ ጎልፍና ቦክስ። ከ82 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሠራጭቷል። ማይክሮሶፍት በ2010 «ኪኔክት» የሚባል ካሜራ አምጥቶ ጆይስቲኩን ጭራሽ አስቀረው፤ ተጫዋቹ ቲቪው ፊት ቆሞ ሲዘል ምስሉም ይዘላል። ኒንቴንዶ ደግሞ በ2022 «ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ» ብሎ አዲስ አወጣ፤ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ባድሜንተን፣ የጃፓን የሰይፍ ፍልሚያ፣ ከድሮዎቹ ደግሞ ቴኒስና ቦውሊንግ።

ጨዋታው የተሠራበት ዓላማ ግልጽ ነበር። የዚያን ጊዜው የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ጌም ተጫውቶ የማያውቀውን ሰው፣ እናትንና አያትን፣ ቲቪው ፊት ማምጣት ፈልጎ ነበር። ተሳካለት። ሰውየው ቃል የገባው ይህንኑ ስለሆነ በዚህ ሊወቀስ አይገባም። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቦውሊንግ ሲጫወቱ መሳቃቸው ጥሩ ነገር ነው፤ ዓመት በዓል ላይ ቢደገም ማንም አይጎዳም። ወቀሳው የሚጀምረው ጨዋታው ስፖርት ነው ተብሎ ሲቆጠር፣ ልጅም «ዛሬ ስፖርት ሠርቷል» ተብሎ ሲታለፍ ነው።

እስኪ ቴኒሱን ልብ ብላችሁ እዩት። በዊ ስፖርትስ ቴኒስ ላይ ምስሎቹ እግር የላቸውም። ቀልድ አይደለም፤ ጉልበትና ጫማ ሳይኖራቸው እንደ እንጨት አሻንጉሊት ቆመው ይንሸራተታሉ። ኳሱ ወዳለበት የሚሄዱትም ራሳቸው ናቸው። ልጁ የሚጠበቅበት በሰዓቱ ክንዱን ማወናጨፍ ብቻ ነው። ቴኒስ የተጫወተ ሰው ይመስክር፤ የቴኒስ ሥራው ሩጫው ነው፤ ኳሱ ሳያልፍ መድረስ ነው። ቤዝቦሉም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ይወረውራል ወይም ይመታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ ሁሉ ማሽኑ ይጨርስለታል። ላቡን ማሽኑ ወስዶ ለልጁ ጭብጨባውን ተወለት።

ያውም ክንድ ማወናጨፍ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልጅ ሞኝ አይደለም። ማሽኑ የሚያነበው የክንዱን ስፋት ሳይሆን የጆይስቲኩን ንቅናቄ መሆኑን በቶሎ ይደርስበታል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያው ልጅ ሶፋው ላይ ተመልሶ፣ እግሩን አጥፎ፣ የእጁን አንጓ ብቻ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ አባቱን በዜሮ ያሸንፋል። እንደ ሞኝ እየዘለለ የሚሸነፈው አባት ነው። ጨዋታው የሚሸልመው ትንሽ የተንቀሳቀሰውን ነው ማለት ነው። ገምጋሚዎች ገና ከጅምሩ «አዝናኝ ነው፤ ግን ስስ ነው» ሲሉ የነበረውም ስለዚህ ነው፤ ሁለት ምሽት ከተጫወቱት በኋላ ውስጡ የሚቆፈር ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያስቀው የ2022ቱ እግር ኳስ ነው። በስዊች ስፖርትስ እግር ኳስ ላይ ሩጫው በአውራ ጣት ነው፤ ምቱ ደግሞ በእጅ። አዎ፣ እግር ኳስ በእጅ ይመታል። ከጨዋታው ጋር ጭን ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ይሸጣል፤ ጨዋታው በኤፕሪል ሲወጣ ያ ማሰሪያ ያገለግል የነበረው ለጎል ምት ውድድሩ ብቻ ነበር። በሙሉ ጨዋታ ላይ በእግር መምታት የተፈቀደው ከሦስት ወር በኋላ በመጣ ማሻሻያ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ እግር ኳስ ሠርቶ እግርን በኋላ ማስታወሱ ይገርማል። ገላን ውስጥ በካልሲ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ የሚሰፋ የ7 ዓመት ልጅ ይህን ስህተት አይሠራም።

«ምንም ቢሆን ከመቀመጥ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ተለክቷል። በእንግሊዝ የሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ 11 ልጆችን ዊ ስፖርትስ እያጫወቱ የሚያቃጥሉትን ኃይል ለክተው በ2007 መጨረሻ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ቁጭ ተብሎ ከሚጫወቱት ጌም ቢያንስ በ51 ከመቶ ይበልጣል። እሺ፣ ይበልጣል። ግን ያው ጥናት ቀጥሎ የሚለው፣ ትክክለኛውን ቴኒስ ወይም ቦክስ ከመጫወት እንደሚያንስና ለልጅ በቀን ከሚመከረው እንቅስቃሴ ውስጥ ለመቆጠር ጉልበቱ እንደማይበቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ነው።

ሁለተኛው ጥናት ለገላን ወላጅ ይበልጥ ይቀርባል። ሂዩስተን የሚገኘው የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ 78 ልጆች ዊ ሰጡ። ግማሾቹ የሚንቀሳቀሱበትን ጨዋታ፣ ግማሾቹ ቁጭ ብለው የሚጫወቱትን ወሰዱ። እንቅስቃሴ የሚቆጥር መሣሪያ ወገባቸው ላይ ታስሮ 13 ሳምንት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2012 ወጣ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ምናልባት ሳሎን ውስጥ የዘለለ ልጅ ሌላውን ሰዓት ቁጭ ብሎ ያካክሰዋል፤ ምናልባት ጨዋታው ሰለቸው። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አይተዋል፤ ወላጆች «ሰፈራችን ለልጅ አደገኛ ነው» ያሉባቸው ቤቶች ጋ ጨዋታው የተሻለ ይሠራ እንደሆነ ፈተሹ። እዚያም ያው ነው። ውጭ መውጣት ያልቻለውን ልጅ ማሽኑ አልታደገውም።

«ውጭው አስፈሪ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀስ» የሚለው ሐሳብ ገላን ላይ ከመደገሙ በፊት ሂዩስተን ላይ ተሞክሮ ወድቋል።

አሁን ደግሞ ማሽኑን ይዘን ደረጃውን እንውጣ። አራተኛ ፎቅ፣ የ20/80 ባለ አንድ መኝታ ቤት። ሳሎኑ ውስጥ ባለ ኤል ቅርጽ ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ፣ ኩሽናው ስላልበቃው ወደ ሳሎን የተሰደደ ፍሪጅ አለ፣ መሃል ላይ የቡና ረከቦት አለ። ኪኔክት ለአንድ ተጫዋች ወደ 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ተጫዋች ወደ 2.4 ሜትር ከካሜራው ርቆ መቆም ይጠይቃል። ረከቦቱ ይነሳል፣ ሶፋው ይገፋል፣ አሁንም አይበቃም፤ ሁለተኛው ልጅ በረንዳው ላይ መቆም አለበት። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ኪኔክትን ማምረት በ2017 አቁሟል። ሰፊ ሳሎን ባለበት አገር እንኳ መሣሪያው አልዘለቀም።

ከዚያ ጎረቤት አለ። የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ በሆነበት ሕንፃ ላይ የሚዘል ልጅ፣ ከታች ላሉት የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ለአራስ እናት ምን እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። በር ይንኳኳል። «እባካችሁ ልጁን ያዙልን» ይባላል። ልጁ ይያዛል። ቲቪውም አለ። ኒንቴንዶ በ2006 ዲሴምበር ላይ፣ ማሽኑ በወጣ በአንድ ወሩ፣ 3.2 ሚሊዮን ያህል የእጅ ማሰሪያ ገመዶችን በነፃ እለውጣለሁ ማለት የግድ ሆኖበት ነበር፤ ገመዱ እየተበጠሰ ጆይስቲኩ ከእጅ ስለሚያመልጥ። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ውዱ ያ ቲቪ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ማንሳትም አያስፈልግም።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማይወደው ነገር ይባል፤ ከዚህ ሁሉ ምድር ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይሻላል።

ፕሌይስቴሽን ቤት በወላጅ ዘንድ ስሙ ጠፍቷል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ትምህርት ቤት የሚፎርፍበት አለ፣ ከእናት ቦርሳ የሚመዘዝ ብር አለ። ግን ፕሌይስቴሽን ቤት አይዋሽም። እዚያ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፊፋ የሚጫወቱት ልጆች (ጨዋታው ስሙን ከቀየረ ቆይቷል፣ ለእነሱ ግን ዛሬም ፊፋ ነው) ስፖርት እየሠሩ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ባለቤቱም ያውቃል፣ እናትም ታውቃለች፤ ስለዚህም ትቆጣለች። ቁጣዋ ጤነኛ ነው፤ «ውጣና ተጫወት» የሚል ቁጣ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው አለ። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ከኋላ ቆሞ ይተርባል። ከጎኑ ጆተኒ ካለ ደግሞ ልጁ ቆሞ፣ በእጁ ኃይል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጋፍጦ ይጫወታል። እንቅስቃሴው ከዊ ቴኒስ የሚያንስ አይመስልም።

ሳሎን ውስጥ ያለው «ስፖርት» ግን ያንን ቁጣ ነው የሚያጠፋው። አባት «ቢያንስ ይንቀሳቀሳል» ባለ ማግስት «የት ላውጣው?» የሚለው ጥያቄ ከቤቱ ይወጣል። ጥያቄው ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። አምስት ቤት ሲጠይቀው ጉርምርምታ ነው፤ ሃምሳ ቤት ሲጠይቀው የኮሚቴ ራስ ምታት ነው። ከዘመድ ሳጥን የመጣለት ቤት ከሃምሳው ይቀነሳል። የሚቀነሱት ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነስተው መናገር የሚችሉት፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚያውቁት፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ናቸው። የቀሩት ልጆቻቸው በተከፈተ በር አጮልቀው የሰው ቲቪ ያያሉ። ዊ በአንድ ጊዜ አራት ሰው ያጫውታል። አንድ የፕላስቲክ ኳስ ለ14 ልጅ ይበቃል፤ ከዳር ቆመው ለሚሳደቡትም ይተርፋል።

ኳሱ የሚያስተምረውን ነገር ማሽኑ አያውቀውም። መሬት ላይ ሲጫወቱ ዳኛ የለም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ኳሱ «ከድንጋዩ በላይ» ይሁን «ከውስጥ» የሚወስን ሴንሰር የለም። ስለዚህ ይጨቃጨቃሉ፣ ይማማላሉ፣ አንዱ ይረታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የኳሱ ባለቤት ሲበሳጭ ኳሱን አቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቀሩት እንዴት ለምነው እንደሚመልሱት ይማራሉ። ትንሹ በረኛ ይደረጋል፣ ያለቅሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት አጥቂ ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ተወስኖ ነው የሚመጣው። ነጥቡን ማሽኑ ይቆጥራል፤ የሚከራከሩት ሰው የለም።

ለጨዋታው የሚቀርብ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። ሴት ልጆች። ሜዳ ቢኖርም ሜዳው የወንዶች ነው፤ 11 ዓመት የሞላት ልጅ ኳስ ልምታ ብትል መጀመሪያ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ጎረቤት ያማል፣ በመጨረሻ እናት «ግቢ» ትላለች። ሳሎን ውስጥ ግን ወንድሟን በቦክስ ታሸንፈዋለች፤ የሚከለክላት የለም። ይህ እውነት ነው፤ ለዚያች ልጅ ያ ሳጥን ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ልጅቷ ሳሎን ከመግባቷ በፊት ምን እንደነበራት ይታይ። ሱዚ ነበራት። ሰኞ ማክሰኞ ነበራት። ገመድ ዝላይ ነበራት። እነዚህ ጨዋታዎች ስታዲየም አይፈልጉም፤ ሦስት አራት ሜትር ደልዳላ መሬት፣ የተቆራረጠ ላስቲክና አንድ ጠጠር ይበቃቸዋል። ቦታቸው ደግሞ ከሕንፃው ሥር፣ እናት ከደረጃው መተላለፊያ ላይ አንገቷን ብታሰግግ የምታየው ቦታ ነበር። ስለዚህ ነው ሴቶቹ የተፈቀደላቸው። መኪና መጀመሪያ የቆመው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። ወንዶቹ ኳሳቸውን ይዘው ራቅ ወዳለ ባዶ መሬት ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ የሚሄዱበት የለም። ከሕንፃው ሥር ያለው መሬት ሲወሰድ የበለጠ የተወሰደባቸው እነሱ ናቸው። ዊው ለወሰዱባቸው ነገር ካሣ ከሆነ ርካሽ ካሣ ነው፤ ያውም የሚደርሰው ዘመድ ላላት ብቻ።

መሬቱ የማን ነው? እዚህ ላይ ሕጉ የሚያሻማ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየግል ቤቶቹ ውጭ ያለው የሕንፃና የግቢ ክፍል የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይናገራል፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። በሁለት ብሎክ መካከል ያለው መሬት የአንድ መኪና ባለቤት አይደለም። ስቱዲዮ ያለውም ባለ ሦስት መኝታውም ድርሻ አላቸው። በተግባር ግን በከተማዋ ኮንዶሚኒየሞች የሆነውን ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ አንድ መኪና ይቆማል። ከዚያ ዘበኛ ይቀጠራል፣ ለዘበኛው በወር ይዋጣል፣ ያዋጣ ሰው ቦታው የእኔ ነው ይላል። ከዚያ ድንጋይ በኖራ ተቀብቶ መስመር ይሰመራል። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ኮንቴነር ይቀመጥና ለአትክልት ነጋዴ ይከራያል፤ ኪራዩም ለማኅበሩ ገቢ ነው ስለሚባል የሚቃወም ሰው የሰፈሩ ጠላት ይመስላል። በመጨረሻ የቀረችው ቁራጭ ላይ «እዚህ ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ይጻፋል። የጻፈው ሰው እንኳ ልጅ ሆኖ የት ይጫወት እንደነበር ቢጠየቅ «ሜዳ» ነው የሚለው።

መኪና ያለው ሰው ክፉ አይደለም። ከገላን እስከ መሃል ከተማ ያለውን መንገድ የተመላለሰ ሰው መኪና ለምን እንደሚገዛ ያውቃል። ግን ሒሳቡ ይሠራ። አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ይገባል፤ ልጅ ደግሞ ማታ አይጫወትም። አንዱ መሬት በተለያየ ሰዓት ሁለቱን ማስተናገድ ይችላል። የጎደለው መሬቱ ላይ ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ነው።

የክረምቱ ነገርም ይነሳል፤ በትክክል ነው የሚነሳው። የአቃቂ መሬት ጥቁር አፈር ነው። ሐምሌ ላይ ጫማ ይነቅላል፣ ጥር ላይ ይሰነጠቃል፣ መጋቢት ላይ አቧራ ሆኖ ሳሎን ይገባል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በክረምት ነው። ስለዚህ ልጁ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሳጥኑም ያን ጊዜ ያጓጓል። ለጭቃ ግን የታወቀ መድኃኒት አለው፤ ጠጠርና ገረጋንቲ ይባላል። ለመኪናው ማቆሚያ ሲባል የት እንደሚገኝ፣ ስንት ሲኖትራክ እንደሚበቃና በነፍስ ወከፍ ስንት እንደሚደርስ በአንድ ሳምንት ተጠንቶ ይቀርባል። ለልጆቹ ሲሆን ነው ጭቃው የፈጣሪ ሥራ የሚሆነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከተማዋ ውስጥ አነስተኛ ሜዳዎች መሠራታቸው መልካም ነው፤ የሠራ ይመስገን። ግን የ9 ዓመት ልጅ አስፋልት ተሻግሮ ብቻውን አይሄድም። ለእሱ ሜዳ ማለት እናቱ «ና እራት ቀርቧል» ብላ ስትጮህ የሚሰማበት ርቀት ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ለጎረምሶችና ለቴሌቪዥን ነው።

ሜዳ ማጣት እዚህ አገር ከላይ እስከ ታች የተለመደ ሆኗል። ዋልያዎቹ ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «በሜዳቸው» እንደተጫወቱ ነው የተመዘገበው። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያን ስታዲየሞች ደረጃ አያሟሉም ስላለ። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ቲቪ ፊት ቆሞ ጮኸ፣ ዘለለ፣ እጁን አወናጨፈ። ጥሩ ቀን ነበር። ግን የራሱን ጨዋታ በሰው አገር ሜዳ ተጫውቶ «በሜዳዬ አሸነፍኩ» ማለትን የለመደ ሕዝብ፣ ልጁ ሳሎን ውስጥ እግር በሌለው ምስል ቴኒስ ተጫውቶ «ስፖርት ሠራ» ሲባል ቢያምን አይገርምም።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት። የስምምነቱ አንቀጽ 31 የልጅ የመጫወት መብት ይላል። ገላን ላይ ግን ነገሩ የጄኔቫ ጉዳይ አይደለም፤ የብሎኩ ስብሰባ ጉዳይ ነው። የኮንዶሚኒየም ስብሰባ የተካፈለ ሰው አጀንዳውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ውኃ፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ የኮሚናሉ ቁልፍ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ልዩ ልዩ። የልጆች ነገር የሚነሳው «ልዩ ልዩ» ላይ ነው፤ ሰዉ ግማሹ ከሄደ በኋላ፣ አንዲት እናት ቆማ ስትናገር፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «ይያዝልን» ሲል። ተይዞ የት እንደሚገባ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሳጥኑን ያገኘው ቤት ሳጥኑን አይጣል። ዝናብ በሆነ ቀን ይክፈተው፣ አያትም ይወርውሩ። ግን አባት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይገኝ፣ አጀንዳው ሲነበብም ገና ከመጀመሪያው እጁን ያውጣ፤ ቴኒሱ ላይ እንዳወናጨፈው አድርጎ። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በሁለቱ ብሎኮች መካከል ያሉት መኪኖች ወደ መንገዱ ዳር ይውጡ፤ ከሕንፃው ሥር አራት ሜትር መሬት ለሱዚና ለሰኞ ማክሰኞ ሁልጊዜ ክፍት ትሁን፤ ከኮንቴነሩ የአንድ ወር ኪራይ ገረጋንቲ ይገዛበት። መስታወት ቢሰበር ማን እንደሚከፍል እዚያው ይወሰን፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ይጻፍ።

«ልዩ ልዩ» ከመድረሱ በፊት።